ጎፈር፣ ጀሚናይ ወይስ ዌብ? ለተማሪ ስልክ የሚሆነው የቱ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የአማርኛ መምህር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ «ደሴ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ባለፉት ዓመታት የጻፍኳቸው 120 ያህል ማስታወሻዎች አሉኝ፤ ሰዋስው፣ ሥነ ግጥም፣ የድርሰት አጻጻፍ። ተማሪዎቼ የሚያነቡት በስልክ ነው። ዳታ የሚገዙት በትንሽ በትንሹ ነው፤ ኔትዎርኩም ይቆራረጣል። አንድ ወዳጄ ‹ዌብ ዳታ ይበላል፤ ጎፈርና ጀሚናይ የሚባሉ ቀላል ፕሮቶኮሎች (ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩባቸው ሕጎች) አሉ፣ እዚያ ላይ አድርገው› አለኝ። እውነት ከዌብ ይሻላሉ? የቱን ልያዝ?»

መምህር፣ መልሱን ከፊት ላስቀድም። ለተማሪዎችዎ ዌብን ይያዙ። ግን ማስታወሻዎቹን በጀሚናይ አጻጻፍ ይጻፏቸው። ሁለቱ እንዴት እንደሚገጥሙ እስክደርስበት ድረስ ትንሽ ይታገሱኝ። ወዳጅዎ ያሉት ነገር ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን በተለይ ለአማርኛ ሲሆን ይገለበጣል።

ከጎፈር ልጀምር። ጎፈር የተወለደው በ1991 አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሠራው በማርክ መካሂል የሚመራ ቡድን ነው። ስሙም የዩኒቨርሲቲው መለያ ከሆነችው ጉድጓድ የምትምስ ትንሽ እንስሳ የመጣ ነው። አሠራሩን ያለ ምንም ብሮውዘር በእጅዎ መሞከር ይችላሉ። ኮምፒውተር ላይ ቴልኔትን (ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በጽሑፍ የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው) ይክፈቱና ከአንድ የጎፈር ሰርቨር፣ ማለትም ጽሑፎቹን ከሚያቀብል ኮምፒውተር ጋር በፖርት 70 (የመግቢያው በር ቁጥር) ይገናኙ። ከዚያ ምንም ሳይጽፉ ኢንተር ይምቱ። በቃ። ሰርቨሩ ዝርዝሩን ይልክልዎታል፤ ግንኙነቱንም ይዘጋል። እያንዳንዱ መስመር በአንድ ምልክት ይጀምራል። 0 ከሆነ ጽሑፍ ነው፣ 1 ከሆነ ሌላ ዝርዝር ነው፣ 7 ከሆነ መፈለጊያ ነው። ቀጥሎ ለሰው የሚታየው ርዕስ ይመጣል። ከዚያ የፋይሉ መንገድ፣ የሰርቨሩ ስምና የፖርቱ ቁጥር በታብ ተለይተው ይከተላሉ። ከዚህ ሌላ የሚላክ ነገር የለም።

መጀመሪያ ይህን ስሞክር የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ኢንተርኔት ለካ ሰው በጣቱ ሊያናግረው የሚችል ነገር ነው! ለተማሪዎችዎ ኔትዎርክ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ቀን ማሳየት ከፈለጉ፣ ከጎፈር የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ጎፈር ለምን ተሸነፈ? በ1993 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲው ለአንዳንድ የሰርቨር አጠቃቀም ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 30 ደግሞ ቲም በርነርስ ሊ ዌብን የሠራበት፣ ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ቴክኖሎጂውን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ሰው ወዴት እንደሄደ መገመት አያቅትም። እኔ ግን ክፍያው ብቻ ነው የጣለው አልልም። በዚያው ዓመት ሞዛይክ የሚባለው ብሮውዘር ወጣና ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ገጽ ላይ አብረው ታዩ። ጎፈር ውስጥ ሊንክ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ጽሑፉ መሃል ሊንክ ማድረግ አይቻልም። ያ ትልቅ ልዩነት ነበር።

የእኛ ጣጣ ግን ሌላ ነው፤ ፊደላችን። የጎፈር መመሪያ የወጣው በ1993 ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ጎፈር ጽሑፉ በምን ዓይነት ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ቁጥር በሚቀይር ስልት) እንደተጻፈ የሚናገርበት ቦታ የለውም። ከፍቶ የሚያነበው ፕሮግራም በግምት ነው የሚሄደው። ከዓመታት በፊት አንድ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ጎፈር ላይ አስቀምጬ ለጓደኛዬ አድራሻውን ላክሁለት። «ምንድን ነው የላክህልኝ?» ብሎ የስክሪኑን ፎቶ መለሰልኝ። ከላይ እስከ ታች በላቲን ፊደል የተሞላ ዝብርቅ ነው። በየሦስተኛው ቦታ ላይ ጭረት የተደረገባት «ኤ» ተደርድራለች።

ምክንያቱን ላሳይዎት፤ በኋላም ይጠቅመናል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው። «ሀ» 225፣ 136፣ 128 ሆና ትጻፋለች። «ለ»፣ «መ»፣ አራት ነጥቧ ሳትቀር በ225 ነው የሚጀምሩት። ሁለተኛው ባይትም ሁልጊዜ ከ136 እስከ 141 ካሉት ስድስት ቁጥሮች አንዱ ነው። የጓደኛዬ ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ የላቲን ፊደል ቆጠረው። በድሮው የላቲን ሠንጠረዥ 225 ማለት ያቺ ባለ ጭረቷ «ኤ» ናት።

ዛሬ ዩቲኤፍ-8 የሚገምቱ የጎፈር ፕሮግራሞች አሉ። ግን ግምት ግምት ነው። በዚያ ላይ የጎፈር ጽሑፎች በልማድ በ70 ፊደል ገደማ መስመር ይሰበራሉ። ያ ልማድ ለድሮው ኮምፒውተር ስክሪን የተሰፋ ነው። የእኛ ፊደል ሰፋ ያለ ስለሆነ ስልክ ላይ መስመሩ አጋማሹ ላይ ይታጠፋል፤ ቀጥሎ ሁለት ቃል ብቻ ያለው ቁራጭ ይመጣል፤ እንደገና ረጅም፣ እንደገና ቁራጭ። የግጥም ትምህርት በዚህ መልክ መስጠት ግጥሙን መበደል ነው። ሌላም አለ፤ ጎፈር ምስጠራ የለውም። መንገድ ላይ ያለ ማንም ሰው ያነበዋል፣ ይለውጠዋልም። ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮችም አይከፍቱትም፤ ፋየርፎክስ እንኳን በ2011 ከስሪት 4 ጋር አወጣው።

ወደ ጀሚናይ እንለፍ። ስሙን ሲሰሙ የጉግል ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳይመስልዎት፤ አይገናኙም። ይኼኛው በ2019 ሶልደርፐንክ በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ሰው የጀመረው ፕሮቶኮል ነው። የፖርቱ ቁጥር 1965 ነው፤ ጀሚናይ የተባሉት የአሜሪካ መንኮራኩሮች ሰው ይዘው መብረር የጀመሩበት ዓመት ነው።

ጀሚናይ ከጎፈር ከበድ፣ ከዌብ ቀለል ያለ ነው። አንባቢው አድራሻውን በአንድ መስመር ይልካል፤ ከ1024 ባይት መብለጥ የለበትም። ሰርቨሩ በሁለት አኃዝ ይመልሳል። 20 ከሆነ «ይኸው» ማለት ነው። 51 ከሆነ «የለም»፣ 31 ከሆነ «ለዘለቄታው ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል»፣ 10 ከሆነ «መጀመሪያ አንድ ነገር ጻፍልኝ» ማለት ነው። ምስጠራ ግዴታ ነው። ኢንኮዲንጉም ካልተባለ በቀር ዩቲኤፍ-8 ነው። ከፈለጉ ደግሞ ሰርቨሩ «ይህ አማርኛ ነው» ብሎ ቋንቋውን ይናገራል። እንግዲህ የእኛ ፊደል እዚህ ቤት እንግዳ አይደለም።

በጣም የምወደው ግን የገጹን አጻጻፍ ነው። ሕጉ መስመር በመስመር ነው። መስመሩ በ # ከጀመረ ርዕስ ነው። በ => ከጀመረ ሊንክ ነው። በ * ከጀመረ ዝርዝር፣ በ > ከጀመረ ጥቅስ ነው። ሦስት ጊዜ ` ካደረጉ ደግሞ እስኪዘጉት ድረስ ያለው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል። ሌላው ሁሉ ተራ መስመር ነው። በአምስት ደቂቃ ይማሩታል፤ በስልክ ኪቦርድም ይጻፋል። ለግጥም ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ይዩት። እርስዎ መስመር የሰበሩበት ቦታ ላይ መስመሩ ይሰበራል። ስንኙ ረጅም ከሆነ የአንባቢው ፕሮግራም ለስክሪኑ እንደሚሆን ያጥፈዋል እንጂ ከሚቀጥለው ስንኝ ጋር አይደባልቀውም። የዌብ ገጽ በሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ላይ ግን ካልተጠነቀቁ ስንኞቹ ሁሉ ተያይዘው እንደ ዝርው ይሆናሉ፤ ቤት መምቻው መሃል ይገባና ይጠፋል። አንድ ቤት ግጥም እንደዚያ ተበላሽቶ ሳይ ያመኛል።

አሁን ወደ ወዳጅዎ ነጥብ። «ዌብ ከባድ ነው» ሲባል ከባዱ የቱ ነው?

ዌብ የሚጓዝበት ኤችቲቲፒ ራሱ ከባድ አይደለም። የ1991ዱ ኤችቲቲፒ እንዲያውም ጎፈርን ይመስል ነበር፤ አንድ መስመር ጥያቄ፣ አንድ ገጽ መልስ፣ ከዚያ ግንኙነቱ ይዘጋል። በ1994 ኩኪ (ገጹ አንባቢውን እንዲያስታውስ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ምልክት) መጣ፣ በ1995 ጃቫስክሪፕት (ገጹ ውስጥ የሚሮጥ የፕሮግራም ቋንቋ) መጣ። ከዚያ በኋላ ገጹ የሚነበብ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ የሚሮጥ ፕሮግራም ሆነ። ዛሬ የዌብ ገጾችን ክብደት የሚከታተለው ኤችቲቲፒ አርካይቭ በሚመዝናቸው ገጾች፣ መሃል ላይ የሚወድቀው ገጽ ከ2 ሜጋባይት በላይ ነው። ምስሉ፣ ማስታወቂያው፣ አንባቢውን የሚከታተለው ኮድ፣ ፎንቱ ተደምሮ ማለት ነው።

የእርስዎን እንመዝን። አንድ ማስታወሻ 1,200 ቃል ነው እንበል። ቃሉን በአማካይ 5 ፊደል ብንወስድ 6,000 ፊደል ነው። በ3 ባይት 18,000 ባይት ይሆናል። ከነክፍት ቦታው 19 ኪሎባይት ገደማ ነው። 120ውም ሲደመር 2.3 ሜጋባይት አካባቢ ነው። የዓመታት ድካምዎ ሁሉ ተደምሮ የሚመዝነው አንድ ተራ የዌብ ገጽ የሚመዝነውን ያህል ነው! ተማሪው አንድ ማስታወቂያ የበዛበት ገጽ ሲከፍት የሚበላበት ዳታ የእርስዎን ማስታወሻ በሙሉ ሊያስነብበው ይችል ነበር።

ስለዚህ ጽሑፉን ብቻ የያዘ ኤችቲኤምኤል ቢሠሩ ዌብም ቀላል ነው። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ሁለት ነገር አለ።

የመጀመሪያው መጭመቅ ነው። የዌብ ሰርቨር ገጹን ጨምቆ ይልካል፤ ብሮውዘሩ ይፈታዋል። ጀሚናይና ጎፈር ይህ የላቸውም። ያ 225 ትዝ ይልዎታል? የአማርኛ ጽሑፍ በየሦስት ባይቱ ያንኑ ቁጥር ይደጋግማል፤ ሁለተኛውም ባይት ከስድስት አይዘልም። መጭመቂያ ደግሞ ድግግሞሽ ይወዳል። 19 ኪሎባይት የነበረው ማስታወሻ ተጨምቆ ከግማሽ በታች ይወርዳል። እንግሊዝኛም ይጨመቃል፤ የእኛ ግን በፊደሉ ብዛት ሳይሆን በአጻጻፉ የወፈረ ስለሆነ ጥቅሙ ይበልጥብናል። ቀላል የተባለው ጀሚናይ ያንኑ የአማርኛ ጽሑፍ ሳይጨምቅ ሲልክ፣ በደንብ የተሠራ የዌብ ገጽ ያነሰ ዳታ ይበላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምልልስ ነው። ኔትዎርክ ሲያዘግም ተማሪውን የሚያስመርረው አብዛኛውን ጊዜ የባይቱ ብዛት አይደለም። መልእክት ሄዶ እስኪመለስ ያለው ጥበቃ ነው። አንድ ምልልስ 300 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ ሰርቨሩ አውሮፓ ሆኖ ስልኩ ደካማ ሲግናል ላይ ከሆነ ይህ የተጋነነ አይደለም። ጎፈር ለአንድ ገጽ ሁለት ምልልስ ይፈልጋል፤ አንዱ ለመገናኘት፣ አንዱ ለጥያቄና መልስ። ጀሚናይ ምስጠራ ስላለው ሦስት ይፈልጋል፤ የቆየው የምስጠራ ስሪት ከሆነ አራት። ምስጠራ ያለው ዌብም ለመጀመሪያው ገጽ ሦስት ነው። ከዚያ ግን ዌብ መስመሩን አይዘጋም። ሁለተኛው ገጽ በዚያው መስመር በአንድ ምልልስ ይመጣል። ጎፈርና ጀሚናይ ለእያንዳንዱ ገጽ እንደ አዲስ ነው የሚጀምሩት።

ተማሪው አምስት ማስታወሻ በተከታታይ ቢከፍት ጎፈር 10 ምልልስ፣ ጀሚናይ 15፣ ዌብ 7 ይፈጅበታል። በጊዜ ሲሰላ 3 ሰከንድ፣ 4.5 ሰከንድ፣ 2.1 ሰከንድ ነው። ገጹ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ሰርቨር አዲስ በተከፈተ መስመር ላይ መልስ ሳይጠብቅ በአንድ ጊዜ የሚልከው በተለምዶ 14 ኪሎባይት ገደማ ነው። የተጨመቀው ማስታወሻ በአንዴ ይገባል። ያልተጨመቀው 19 ኪሎባይት ግን አይገባምና አንድ ተጨማሪ ምልልስ ይጠይቃል።

መቆራረጡንም አልረሳሁም። ዌብ የተቋረጠ ፋይልን ካቆመበት መቀጠል ይችላል፤ አንዴ የወረደውን ገጽ ስልኩ ያስቀምጠውና ካልተቀየረ ዳግም አያወርደውም። ጀሚናይና ጎፈር ይህ የላቸውም፤ ከተቋረጠ እንደገና ከሀ ነው።

ታዲያ ጀሚናይ ለምን ይወደዳል? እኔስ ለምን እወደዋለሁ? ቃል ኪዳኑ ነው። የዌብ ገጽ ቀላል የሚሆነው ባለቤቱ ሲፈልግ ብቻ ነው። ዛሬ 10 ኪሎባይት የሆነው ገጽ ነገ ባለቤቱ ሐሳቡን ሲቀይር 3 ሜጋባይት ይሆናል። አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ ከፍቶ ዳታው ከተበላ በኋላ ነው የሚያውቀው። ጀሚናይ ላይ ግን ባለቤቱ ቢፈልግም አይችልም። ኩኪ የለም። ኮድ የለም። አንባቢው ሳይነካው በራሱ የሚወርድ ምስል የለም። አንድ ሊንክ ሲጫኑ የሚመጣው አንድ ፋይል ነው፤ ሌላ አይከተለውም። ሰርቨሩ ስለ አንባቢው የሚያውቀው የመጣበትን የኢንተርኔት አድራሻና የጠየቀውን ገጽ ብቻ ነው። ልጆች ለሚያነቡት ነገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍጥነት ፍለጋ ወደ ጀሚናይ የሄደ ሰው ያዝናል፤ ሰላም ፍለጋ የሄደ ግን ያገኘዋል።

ችግሩ በሩ ነው። ክሮም የጀሚናይን አድራሻ አይከፍትም። ላግራንጅን የመሰለ ለብቻው የተሠራ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ግሩም ነው፤ በኮምፒውተርም በስልክም ይሠራል፣ ጎፈርንም ይከፍታል። ግን ለ19 ኪሎባይት ማስታወሻ ብሎ ብዙ ሜጋባይት ፕሮግራም የሚያወርድ ተማሪ ስንት ነው? የእኅቴን ልጅ እንዲጭነው ለምኜው ነበር። «ጋሼ፣ በቴሌግራም ላክልኝ» አለኝ። ልክ ነው። ልጁ ባለበት ቦታ ነው ማግኘት የሚገባን።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ማስታወሻዎቹን በጀሚናይ አጻጻፍ ይጻፏቸው፤ ርዕሱን በ #፣ ሊንኩን በ =>፣ ግጥሙን ስንኝ በስንኝ። ያ ዋናው ቅጂዎ ይሁን። ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ከሃያ ዓመት በኋላም ይከፈታል። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ወደ ኤችቲኤምኤል የሚቀይር ፕሮግራም ያስፈልጋል። ሕጉ መስመር በመስመር ስለሆነ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል የአይሲቲ መምህር በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። የሚያወጣው ገጽ አራት ነገር እንዳይረሳ፦ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን፣ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን፣ የገጹ ስፋት ከስልኩ ስክሪን ጋር እንዲስማማ የሚያዘውን መስመር፣ እና ስንኞች እንዳይያያዙ። ሦስተኛው ከተረሳ ስልኩ ገጹን እንደ ኮምፒውተር ገጽ ያሳንሰዋል፤ ተማሪው በሁለት ጣት እየጎተተ ነው የሚያነበው።

ፎንት አይጫኑበት። የእኛ ፊደል ከ300 በላይ ምልክት ስላለው ፎንቱ ከማስታወሻው በብዙ እጥፍ ይከብዳል። የዛሬ አንድሮይድ ስልኮች የግዕዝ ፎንት ይዘው ነው የሚመጡት፤ ያንን ይጠቀሙ። ጃቫስክሪፕት አያስፈልግዎትም። የጎብኚ መቁጠሪያ እንጨምር የሚል ሰው ከመጣም እምቢ ይበሉ፤ ክብደት የሚጀምረው ከእሱ ነው። ሰርቨሩ ገጾቹን መጭመቁን ግን አስረግጠው ይጠይቁ፤ ለአማርኛ ትልቁ ቁጠባ እዚያ ነው።

120ውንም ገጽ በአንድ ዚፕ ጠቅልለው በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይልቀቁት። ከ2.3 ሜጋባይቱ ከግማሽ በታች ይሆናል። አንድ ተማሪ ካወረደው ለሌሎቹ ያለ ዳታ በብሉቱዝ ያቀብላል። ሊንኮቹ ከስልኩ ውስጥም እንዲሠሩ አድራሻቸው ሙሉ ሳይሆን የፋይሉ ስም ብቻ ይሁን።

የጀሚናይ ሰርቨርም ጎን ለጎን ያቁሙ ብል ደስ ይለኛል፤ ዋናው ቅጂ ዝግጁ ስለሆነ ፋይሎቹን እንዳሉ ማስቀመጥ ነው። እዚያ አማርኛ ጽሑፍ ብዙም አላገኘሁም፤ የሥነ ግጥም ማስታወሻዎችዎን ባነብ ደስታውን አልችለውም። ግን ይህ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ ሦስት ገጽ ብቻ ሠርተው በክፍሉ ውስጥ ባለው በጣም ርካሽ ስልክ ይሞክሯቸው። ከመክፈትዎ በፊት የስልኩን የዳታ ቆጣሪ ይዩ፤ ሦስቱንም ከከፈቱ በኋላ እንደገና ይዩ። ልዩነቱ ከ100 ኪሎባይት ከበለጠ አንድ ያልተፈለገ ነገር ገጹ ውስጥ ገብቷል። ይፈልጉትና ያውጡት።